የተሰበረ ብሎንን ይሉኝታ አይተካውም

(በማኅበራችን የወላጆች ምሽት ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



  ባለፉት ምሽቶች ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ስለ ኩፓት ሖሊም እና ስለ ቤት ኪራይ ውል ተነጋግረናል። የዛሬው ርእሳችን ግን ከጣት የማይበልጥ አንድ ብረት ነው። እርሱም ብሎን ነው። መኪና ሲጠገን ስለሚሰበር ብሎን እነግራችኋለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። መኪናው ውስጥ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ፤ ከኋላ የሚቀመጡትም ልጆቻችሁ ናቸው። ስለዚህ ያገባናል።

እንደሚታወቀው ከመርካዝ ክሊታ ወጥቶ በራሱ ቤት መኖር የጀመረ ቤተሰብ ብዙ ሳይቆይ መኪና ያስፈልገዋል። ፋብሪካው ከከተማ ውጭ ነው፤ የጧቱ ፈረቃ ገና ሳይነጋ ይጀምራል፤ ዘመድ የሚኖረው በሌላ ከተማ ነው። በእጅ ያለው ገንዘብ የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያረጀ መኪና ነው። ያረጀ መኪና ጥገና አያጣውም። የሙሳኽ፣ ማለትም የጋራዥ ዋጋ ሲያስፈራ፣ የአጎት ልጅ ወይም እጁ የተፈታ ጎረቤት ይጠራል፤ ከሕንፃው ሥር፣ በመኪና ማቆሚያው ላይ ክሪክ ተደርጎ ጥገናው ይጀመራል። ይህ መረዳዳት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ደግ ልማድ ነው፤ እንዲጠፋ አልመክርም። ነገር ግን ከዚሁ ልማድ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በሰው መካከል መልካም ሊሆን ይችላል። በብረትና በብረት መካከል ሲገባ ግን ሰው ይገድላል።

የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ብሎን መሰበሩ ነውር አይደለም፤ በሠለጠነ መካኒክም እጅ ይሰበራል። አደጋው የሚመጣው ብሎኑ ተሰብሮ ሳይነገር መኪናው ሲነሣ ነው።

ስለ የትኛው ብሎን ነው የምንናገረው?

መኪና ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ እንዳያንገጫግጨን የሚያደርጉ ክፍሎች አሉት። ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሞላ ነው፤ በዕብራይስጥ ክፊጽ ይባላል። የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ ይጨመቃል፤ ይለጠጣል። ሁለተኛው ሾክ አብዞርበር ነው፤ በዕብራይስጥ ቦሌም ዛዓዙዒም ይባላል። ይህ በውስጡ ዘይት ያለበት ቱቦ ሲሆን ሥራው ሞላው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ደጋግሞ እንዳይዘል መግታት ነው። ሾክ አብዞርበሩ ያለቀበት መኪና ጎማው መንገዱን እየለቀቀ ይዘላል፤ ፍሬን ሲያዝ ለመቆም ይዘገያል፤ በመታጠፊያ ላይም ይዋልላል። ስለዚህ ያለቀውን መለወጥ ተገቢ ነው።

በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የፊት ጎማዎች ላይ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ተገጥመው እንደ ምሰሶ ይቆማሉ። ይህ አሠራር የሚጠራው ባወጣው በአሜሪካዊው መሐንዲስ በኧርል ማክፈርሰን ስም ነው፤ በ1950 እንግሊዝ አገር ለሕዝብ በታዩት የፎርድ ኮንሰልና የፎርድ ዜፈር መኪኖች ላይ ከተገጠመ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል። የምሰሶው ታችኛ ጫፍ ጎማውን ከሚይዘው ብረት ጋር በወፋፍራም ብሎኖች ይታሰራል። የላይኛው ጫፍ ደግሞ የሞተሩን ክዳን ስትከፍቱ በግራና በቀኝ በምታዩት ክብ የብረት ጉብታ ሥር ይቀመጣል። ከዚያ መቀመጫ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ብሎኖች ተነሥተው በጉብታው ቀዳዳዎች ያልፋሉ፤ ከላይ ዳዶ ይጠብቅባቸዋል።

እነዚህ ብሎኖች እንደ ሌላው ብሎን ጭንቅላት የላቸውም። አንዱ ጫፋቸው ብረቱ ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል፤ የሚታየው ጥርስ ያለው ሌላው ጫፍ ብቻ ነው። በዚህ ንግግር «የተተከለ ብሎን» የምለው ይህን ዓይነቱን ነው። በብዙ የጃፓንና የኮሪያ መኪኖች ላይ ጎማውም የሚታሰረው በአራት ወይም በአምስት የተተከሉ ብሎኖች ነው። ብሎን በዕብራይስጥ ቦሬግ፣ ዳዶ ደግሞ ኦም ይባላል። እነዚህን ሁለት ቃላት ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልጉናል።

ለምን ይሰበራል?

ዋነኞቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ዝገት ነው። በአሽዶድ፣ በአሽቀሎን፣ በነታንያ ወይም በሓይፋ የምትኖሩ የባሕሩ ጨዋማ አየር ብረትን እንዴት እንደሚበላ በመስኮታችሁ ፍርግርግ ላይ አይታችኋል። ዳዶውና ብሎኑ በዝገት ተጣብቀው እንደ አንድ ብረት ሲሆኑ፣ ዳዶውን ለመፍታት የሚታገል ሰው ብሎኑን ይቆርጠዋል።

ሁለተኛው ጥርሱ ሳይገጥም ማጥበቅ ነው። ዳዶ ሲጀመር በጣት መዞር አለበት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች በጣት እንቢ ካለ ጠሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ በመፍቻ ማስገደድ ጥርሱን መብላት ነው።

ሦስተኛውና በየሰፈሩ የማየው ከመጠን ያለፈ ጉልበት ነው። እዚህ ላይ እንደ መምህር ትንሽ ሒሳብ ላሳያችሁ። የማጥበቅ ጉልበት የሚለካው ኒውተን ሜትር በሚባል መለኪያ ነው። ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ መፍቻ ይዛችሁ ጫፉን 20 ኪሎ በሚያህል ኃይል ብትገፉት ወደ 50 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በመፍቻው ላይ 1 ሜትር የሚደርስ ቱቦ ሰክታችሁ በዚያው በ20 ኪሎ ብትገፉት ግን 200 ይሆናል። ክንዳችሁ የደከመው ያው ነው፤ ብሎኑ የተቀበለው ግን አራት እጥፍ ነው። የምሰሶው የላይኛ ዳዶዎች በብዙ መኪኖች ከ20 እስከ 60 ኒውተን ሜትር ብቻ ይፈልጋሉ፤ የጎማ ዳዶ ደግሞ በብዙ የቤት መኪኖች ከ90 እስከ 120 ያህል ነው። የየመኪናው ትክክለኛ ቁጥር በጥገና መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ጎማ በፈታንበት ረጅም መፍቻ የምሰሶውን ዳዶ «እንዳይፈታ» ብለን ስናጠብቅ የምንሰብረው ራሳችን ነን።

በጥሩ ብሎን ላይ ቁጥር ተቀርጾ ታያላችሁ፦ 8.8 ወይም 10.9። የመጀመሪያው ቁጥር በ100 ሲባዛ፣ ብረቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ስንት ኒውተን ሲጎተት እንደሚበጠስ ይናገራል። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ 8.8 ብሎን ቀጥ ተደርጎ ቢጎተት ለመበጠስ ከ4 ቶን ተኩል በላይ ይፈልጋል። ይህን ያህል የበረታውን ብረት አንድ ሰው በአንድ ቱቦ ጠምዝዞ ይቆርጠዋል። ደግሞም ዳዶ ስናጠብቅ ከጉልበታችን ከ10 እጅ 9ኙ ያህል የሚያልቀው በፍትጊያ ነው፤ ብሎኑን የሚስበው የቀረው አንድ እጅ ብቻ ነው። ጥርሱን በግራሶ ወይም በዘይት ብንቀባ ፍትጊያው ይቀንስና በዚያው ጉልበት ብሎኑ ከልኩ በላይ ይሳባል። ስለዚህ መጽሐፉ ካላዘዘ በቀር ጥርሱን ጠርጎ ማድረቅ እንጂ መቀባት አያስፈልግም።

በጎንደርና በሰሜን መንደሮች ብረት ሲቀጠቅጡ አባቶቻችሁን ያያችሁ ሽማግሌዎች ይህን ነገር ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ማረሻና ማጭድ ሲሠራ ወናፉ እየተነፋ ብረቱ ይቀላል፤ ውሃ ሲነካ ይጠነክራል፤ ከልክ በላይ ሲጠነክር ደግሞ ይሰባበራል። የብረት ጥንካሬ የእሳትና የልክ ነገር መሆኑን አባቶቻችን በእጃቸው ያውቁ ነበር። 8.8ም 10.9ም በፋብሪካ የተሠሩት በእሳትና በማቀዝቀዝ ልክ ነው። እንደገና በእሳት የቀላ ብሎን ያንን ልኩን አጥቷል፤ ከውጭ ሲያዩት ያው ቢመስልም መኪና ላይ መመለስ የለበትም።

ሲሰበር ምን ይደረጋል?

እስቲ አንድ ሁኔታ አብረን እናስብ። ቀኑ ዓርብ ነው። ዘመዳችሁ ከጧት ጀምሮ አዲሱን ምሰሶ ሲገጥም ውሏል። ሰንበት ሊገባ ነው፤ ዕቃ መሸጫውም ተዘግቷል። እሑድ ገና ሳይነጋ አባወራው ወደ ሥራ መሄድ አለበት። ዘመዳችሁ የመጨረሻውን ዳዶ ሲያጠብቅ «ቀጭ» ይላል፤ መፍቻው በድንገት ይቀላል። ከሦስቱ የተተከሉ ብሎኖች አንዱ ተቆርጧል።

ያን ጊዜ በሁሉም ልብ የሚመጣው ሐሳብ አንድ ነው፦ «ሁለቱ ይበቃሉ።»

አይበቃም። ምክንያቱን ላስረዳ። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ሞላው መቀመጫውን ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ምንም ያልሆነ ይመስላል። እንዲያውም አካባቢውን አንድ ዙር ብትነዱት ልዩነት ላይሰማችሁ ይችላል። የሦስቱ ብሎኖች ሥራ የሚታወቀው ጎማው ጉድጓድ ሲገባ፣ በፍጥነት ላይ መሪ ሲጠመዘዝ፣ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ነው። ያን ጊዜ መቀመጫው ወደ ጎን ይሳባል፤ ወደ ታችም ይጎተታል። ሦስት ሆነው እንዲከፋፈሉት የተሠራውን ሸክም ሁለቱ ይሸከሙታል። መቀመጫው በትንሹ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ብሎኖቹ በየጉድጓዱ ይታጠፋሉ፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ብረት በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ በድካም ይሰበራል፤ የሚሰበርበትን ቀንና መንገድ ግን እኛ አንመርጥም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንላለን፤ ድሩ ሲጎድል ምን እንደሚሆንም ከዚያው መገንዘብ ይቻላል።

ስለዚህ ብሎን ሲሰበር ይህን አድርጉ።

አንደኛ፣ ሥራው ይቁም። በንዴት የቀሩትን ዳዶዎች ይበልጥ አታጥብቁ፤ አንዱን የሰበረው ጉልበት ሌሎቹንም ነክቷቸው ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የተሰበረው ቁራጭ አይጣል። ውፍረቱንና የጥርሱን ዓይነት የሚያሳየው እርሱ ነው፤ ዕቃ መሸጫም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ሦስተኛ፣ መኪናው ላይ «አይነዳም» የሚል ወረቀት በአማርኛም በዕብራይስጥም ጽፋችሁ መሪው ላይ አኑሩ፤ ቁልፉንም ከበሩ አጠገብ ከሚሰቀልበት አንሡት። ያልሰማ ልጅ ወይም የቤተሰብ ሰው ሊያስነሣው ይችላል።

አራተኛ፣ ለእሑድ ሌላ መንገድ ዛሬውኑ ፈልጉ። ለሥራ ባልደረባ ስልክ ደውሉ፤ ጎረቤት ለምኑ፤ ለቀጣሪውም ንገሩ። አንድ ቀን መቅረት ያሳፍራል፤ ያሳፈረ ነገር ሁሉ ግን አይጎዳም።

ከሁሉም በፊት የሚጠቅመው ምክር ደግሞ ይህ ነው፦ ይህን የመሰለ ሥራ ዓርብ ቀን አትጀምሩ። ዕቃ መሸጫው በሚከፈትበት፣ ከፊታችሁ ሙሉ ቀን ባለበት ዕለት ጀምሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ጥገናው እንደ ቦታው ነው

የተሰበረ ብሎን ሁሉ በአንድ መንገድ አይጠገንም። የት እንደተሰበረ መለየት ያስፈልጋል።

ከምሰሶው የላይኛ መቀመጫ ላይ የተሰበረ ከሆነ ነገሩ ከሚያስፈራው ይቀላል። ብሎኖቹ የመቀመጫው አካል ስለሆኑ በአብዛኛው የሚለወጠው መቀመጫው በሙሉ ነው። በተሰበረው ላይ ሌላ ብሎን በብየዳ መቀጠል አይገባም፤ እሳቱ ጎማውንና ኩሽኔታውን ያቃጥላል፤ የብረቱንም ልክ ያጠፋል። መቀመጫውን ለመለወጥ ግን በመካከል ያለው ትልቁ ዳዶ መፈታት አለበት። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ያ ዳዶ የተጨመቀውን ሞላ የያዘ ነው። ሞላው በሚገባው መጭመቂያ ሳይያዝ ዳዶው ከተፈታ፣ በመቶ በሚቆጠሩ ኪሎዎች ኃይል የታመቀው ሞላ ይፈናጠራል። ሰው ገድሏል፤ ፊትም ሰብሯል። በመኪና ማቆሚያ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ መሣሪያው ወዳለበት ሙሳኽ ይሂድ።

ከጎማው ብሎኖች አንዱ የተሰበረ ከሆነ፣ አሮጌው ተመትቶ ወይም በመጫኛ መሣሪያ ተገፍቶ ይወጣና ልኩ ትክክል የሆነ አዲስ ብሎን ይተከላል። አዲሱ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቀመጡን ማየት ያስፈልጋል፤ በግማሽ የቆመ ብሎን ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይገባና ዳዶው ይላላል። አንዱ ከተሰበረ አጠገቡ ያሉት ሸክሙን ተሸክመውለት ስለቆዩ እነርሱም በጥንቃቄ ይታዩ፤ ጥርጣሬ ካለ አብረው ይለወጡ።

ሦስተኛው ዓይነት ብሎኑ በወፍራም ብረት ውስጥ ተቆርጦ ሲቀር ነው። ጫፉ ወጥቶ የሚታይ ከሆነ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተጨምሮበት ለሰዓታት፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ ይተዋል፤ ከዚያ ነክሶ በሚይዝ ፒንሳ ወዲህና ወዲያ እየተባለ ይወጣል። ጥርሱ ደኅና ከሆነ ሁለት ዳዶ አስገብቶ አንዱን በአንዱ ላይ ማጥበቅና ከሥር ያለውን ዳዶ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ማዞር ብዙ ጊዜ ይሠራል። ከብረቱ ጋር እኩል ከተቆረጠ ግን መካከሉን በትክክል ሰርስሮ ማውጣት ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ማውጫው ብረት ራሱ ውስጥ ከተሰበረ፣ ከመሰርሰሪያው ይበልጥ የጠነከረ ስለሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ይህም የባለሙያ ሥራ ነው። በእሳት ማሞቅ የሚፈልግ ካለ ደግሞ ሾክ አብዞርበሩ፣ የፍሬኑ ጎማ ቱቦና የነዳጁ ታንክ ቅርብ መሆናቸውን ያስብ፤ በሾክ አብዞርበር ውስጥ ብዙ ጊዜ የታመቀ ጋዝ አለ።

በማንኛውም ጥገና ላይ ደግሞ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ሰው አይግባ። ክሪክ ለማንሻ ነው፤ ለመደገፍ የታሰበ ጠንካራ መቆሚያ ሌላ ነው።

ይሉኝታ የሚገባው የት ላይ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመለሳለሁ። ዘመዳችሁ ያለ ክፍያ ሲደክም ውሏል። እናታችን ቡና አፍልታለታለች፤ እንጀራ አቅርባለታለች። እርሱ «ተሰብሯል» ለማለት ያፍራል፤ ባለሙያ ነው ተብሎ ተጠርቷልና። እናንተም «ሁሉም ዳዶ ተመልሷል ወይ?» ብላችሁ ለመጠየቅ ታፍራላችሁ፤ ያልታመነ እንዳይመስለው። ሁለታችሁም ጨዋ ስለሆናችሁ፣ የተሰበረው ብሎን ሳይነገር ይቀራል። እሑድ ጧት መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ግን ስለ ይሉኝታችሁ ምንም የማያውቅ ልጅ ነው።

ስለዚህ መጠየቅን ስድብ እንዳይሆን ልማድ እናድርገው። ጥገናው ሳይጀመር ተናገሩ፦ «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሚሰበር ነገር ካለ ንገረኝ፤ ገንዘቡ በእኔ ነው፤ ቅር አልሰኝም።» ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሸክሙን ከጫንቃው ያወርድለታል። ሲጨርስም አብራችሁ ቁጠሩ። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት፤ በእያንዳንዱ ጎማ አራት ወይም አምስት። ይህ ቆጠራ መካኒክነት አይጠይቅም፤ ቆጥራ በግ የምታስገባ ልጅ ትችለዋለች።

በሙሳኽ ፊት ስትቆሙ

ሥራው ወደ ሙሳኽ ሲሄድ ሌላ ዓይነት ይሉኝታ ይይዘናል፤ ቋንቋው ያሳፍረናል። ብዙ ወላጆች አሥር ዓመት ያልሞላውን ልጅ ይዘው ይሄዱና ልጁ ይተረጉማል። ልጁ «ቦሌም ዛዓዙዒም» ምን እንደሆነ በአማርኛ አያውቅም፤ እናንተም በዕብራይስጥ አታውቁም፤ በመካከል ወሳኙ ነገር ይጠፋል። የዋጋና የደኅንነት ውሳኔ በሕፃን ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም። አዋቂ ተርጓሚ ፈልጉ፤ የዕብራይስጥ ትምህርት የቀደመ ጎረቤት፣ ወይም የማኅበራችን ፈቃደኛ ይምጣ። ከዚህ በተጨማሪ ጥቂት አባባሎችን ራሳችሁ ያዙ።

«ኒሽባር ቦሬግ» ማለት «ብሎን ተሰብሯል» ማለት ነው። «ካማ ዜ ያዓሌ?» ማለት «ስንት ያስወጣል?» ማለት ነው። «ቢኽታቭ፣ ቤቫካሻ» ማለት «በጽሑፍ፣ እባክህ» ማለት ነው። ወንድ «አኒ ሮጼ»፣ ሴት «አኒ ሮጻ» ብላ ቀጥላ «ሊርኦት ኤት ሃሔሌክ ሃያሻን» ብትል «አሮጌውን ዕቃ ማየት እፈልጋለሁ» ማለቷ ነው። ልክን ለክቶ የሚያጠብቀው መፍቻ «ማፍቴኣሕ ሞሜንት» ይባላል፤ ዳዶዎቹ በእርሱ መጥበቃቸውን ጠይቁ።

በ2016 በወጣው የተሽከርካሪ አገልግሎቶችና ሙያዎች ፈቃድ ሕግ መሠረት ሙሳኽ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን ጠይቃችሁ ተመልከቱ። ሥራው ሳይጀመር ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ሲያልቅም ምን እንደተለወጠ በዝርዝር የተጻፈበት ደረሰኝ ያዙ። ብሎን የተሰበረው በእነርሱ እጅ ከሆነም ማን እንደሚከፍል በግልጽ ተነጋገሩ። ድምፅ ማንሣት አያስፈልግም፤ የተጻፈ ወረቀት ከጩኸት ይበልጣል።

ሾክ አብዞርበር ሲለወጥ የግራና የቀኙ አብረው ቢለወጡ ይሻላል፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይወዛወዛል። ምሰሶ ከተፈታ በኋላ የጎማዎቹ አቅጣጫ ይለካ፤ ይህም በዕብራይስጥ «ኪቩን ፍሮንት» ይባላል። ካልተለካ አዲስ ጎማ በጥቂት ወራት በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል። ጎማ የተፈታበት መኪና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የጎማው ዳዶዎች እንደገና በልካቸው ይታዩ። አዲስ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ፣ መሪው ከተንቀጠቀጠ ወይም መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ፣ ከመንገዱ ወጥታችሁ ቁሙ። «እስከ ቤት ያደርሰኛል» አትበሉ።

ለወጣቶቻችን

በሙሳኽ ውስጥ ሙያ መማር የጀመራችሁ ወጣቶችም እዚህ ተቀምጣችኋል። ለእናንተ አንድ ቃል አለኝ። በአንድ ወቅት ብሎን ይሰበርባችኋል። አለቃችሁ ሊቆጣ ይችላል፤ «ገና ከመምጣታቸው» የሚል ሰው እንዳይኖር ፈርታችሁ ለመደበቅ ትፈተኑ ይሆናል። ሂዱና ንገሩት። የሰበረውን የሚናገር ሠራተኛ እምነት ይጣልበታል፤ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ከባዱን ሥራ ይማራል። የሚደብቅ ግን እድሜውን ጎማ ሲፈታ ይኖራል፤ ከዚያም የከፋው አንድ ቀን የሰው ሕይወት በእጁ ይጠፋል።

እናንተም አባቶች፣ ልጃችሁ መጥቶ «አባዬ፣ ሰብሬያለሁ» ሲላችሁ አትሳደቡ። በመጀመሪያ «እንኳን ነገርከኝ» በሉት። ስለ ዋጋው በኋላ ትነጋገራላችሁ። ልጅ እውነት በተናገረበት ቀን ከተሰደበ ሁለተኛ ጊዜ አይናገርም፤ ሁለተኛው ብሎን ደግሞ የፍሬኑ ሊሆን ይችላል።

ወገኖቼ፣ ነገ ጧት መኪናችሁ ዘንድ ስትወርዱ ከማስነሣታችሁ በፊት ጎማዎቹን አንድ ዙር ተመልከቱ። ዳዶዎቹን ቁጠሩ። የሞተሩን ክዳን ክፈቱና በግራና በቀኝ ያሉትን የምሰሶ ዳዶዎች ቁጠሩ። የጎደለ ካለ አትንዱት፤ መኪናውን የጠገነላችሁን ሰው በፍቅር ጥሩትና ጠይቁት። ቆጠራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

 ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ መኪናውን ራሱን ማሳየት የሚፈልግ ካለ ደግሞ የእጅ ባትሪ ይዣለሁ፤ አብረን ወርደን እናያለን።